የመሰከሩባት ጥርስ

ይድረስ ለልጄ አያት፤
መርሳ

አሰላሙ አለይኩም። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኔና ፈይሩዝ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። እኔ ዛሬም ከወልድያ ሲሪንቃ እየተመላለስኩ በምርምር ማሳው የማሽላ ዝርያ እመዘግባለሁ። እሷ አንደኛ ክፍል ገብታለች።

ጎረቤትዎ ከድጃ መልእክትዎን ነግራኛለች። «ገበያ ላይ ስትስቅ አይቻታለሁ፤ የኛው ናት። ለአረፋ ይዛት ትምጣ፤ በአባቷ ስም ትጠራ» ብለዋል አሉ።

ከመልሴ በፊት አንድ ነገር ላስታውስዎ። የዛሬ አምስት ዓመት ልጅዎ ናስር «በተጋባን በሰባት ወር የተወለደች ልጅ የኔ አይደለችም» ብሎ ሲፈታኝ ዛፍ ጥላ ሥር ሽማግሌ ያስቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። እርስዎ ፈይሩዝን ከጭኔ ላይ አንስተው፣ የላይ ከንፈሯን በአውራ ጣትዎ ገልበው፣ «እስቲ እዩ! የኛ ቤት ሰው ሁሉ ፍንጭት ነው። የዚች ጥርስ እንደ በቆሎ ፍሬ የተጣበቀ ነው» አሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁ። ነገሩ በዚያው አለቀ። ፈይሩዝ ጣትዎን ነክሳዎት ነበር፤ ከዚያ ቀን ደስ ብሎኝ የማስታውሰው እሱን ብቻ ነው።

እኛ ማሳ ላይ ዝርያን በቡቃያው አይተን አንፈርድም። እርስዎ በወተት ጥርስ ፈረዱ።

አምና የላይኞቹ ሁለቱ ተከታትለው ወለቁ። አንዷን፣ ቁራው አዲስ እንዲሰጣት ለምና ጣራ ላይ ወረወረቻት። ከቆርቆሮው ተንሸራታ ተመለሰች፤ እንደገና ወረወረቻት። የሰፈር ልጆች «ወላቃ!» ሲሏት «ቁራው እየመረጠልኝ ነው» ትላቸው ነበር። ሁለተኛዋን እኔ አስቀመጥኳት። አዲሶቹ ሲበቅሉ በመካከላቸው የማሽላ ፍሬ የምታሳልፍ ክፍተት ይዘው መጡ። እኔን አልገረመኝም።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። ለአረፋ አንመጣም። ትምህርት ቤት በአባቴ ስም ተመዝግባለች፤ እንደዚያው ትቆያለች። ሊያዩዋት ከፈለጉ እነዚያኑ ሽማግሌዎች ይሰብስቡ። በዚያው ዛፍ ጥላ ሥር፣ በዚያው አፍዎ «ተሳስቻለሁ» ይበሉ። ናስርም አጠገብዎ ተቀምጦ ይስማ። ያን ጊዜ እጇን ይዤ እመጣለሁ።

ያስቀመጥኳትን ጥርስ በወረቀት ጠቅልዬ እዚሁ ፖስታ ውስጥ አድርጌያታለሁ። የእርስዎ ምስክር ነበረችና እርስዎ ጋ ትሁን።

ባለፈው ሳምንት ፈይሩዝ መስታወት ፊት ቆማ፣ ምላሷን በክፍተቱ እያሾለከች፣ ይቺ ከማን መጣች ብላ ጠየቀችኝ። ከአያትሽ አልኳት። «እሷም እንደኔ ምላሷን ታሾልካለች?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ይህን እርስዎ ቢመልሱላት ይሻላል።

አላህ ጤናና ዕድሜ ይስጥዎ። ሽማግሌዎቹንም እስከዚያው ያቆይልን።

የልጅዎ ልጅ እናት
ወልድያ