ከካርታው ላይ የፋቅኸው ክብ

ለወንድሜ ለደምለው፣

ጤናህ እንደምን ከርሟል? የላይፕዚግ ብርድ እንደ አምናው ጉሮሮህን ይዞሃል ወይስ ዘንድሮ ምሮሃል? ሰብለ ወንጌልስ እንዴት ናት? ሕፃኗ ጥርስ አበቀለች? ቆማ ሄደች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለሁ። ከዚህ አልፌ ደኅና ነኝ ብልህ ግን ውሸት ይሆናል። ቀኝ እጄ ከክርኑ በታች ተሰብሮ በጀሶ ታስሯል። ጽሕፈቴ የዶሮ ጭረት የመሰለው በግራዬ ስለምጽፍ ነው። ስልኩ በሳምንት አንድ ቀን ቢሠራ ነው፤ በዚያች ቀን ደግሞ ይህን ሁሉ ማውራት አይቻልም። ወረቀቱን የዘሚራ አጎት አዲስ አበባ አድርሶ ይልክልሃል።

ያለሁት ሞጣ፣ አብራኝ በተማረችው በዘሚራ ቤት ነው። እናቷ እትዬ ዓሊማ የነቢያትን ጾም መያዜን አውቀው ሽሮዬን ለብቻው ድስት ይሠሩልኛል። "ወንድምሽ ካርታ አስሎ እጅ ያሰብራል እንዴ?" እያሉ ይቀልዱብኛል። ነገሩ ከቀልዳቸው ብዙም አልራቀም፤ ስለዚህ ከካርታው ልጀምርልህ።

ለምትሠሩት የኮምፒውተር ጨዋታ ዝናር የተባለውን የፈጠራ መንግሥት ስሥልልህ ክረምቱን ሙሉ ተጨቃጨቅን። አንተ በየኮረብታው የድንጋይ ግንብ፣ በየመስቀለኛ መንገዱ መጠጥ ቤት፣ ብረት የለበሰ ፈረሰኛ አልህ። እኔ ይህን ሁሉ ሰውና ፈረስ ማን ይቀልባል አልሁህ። የጥንት አገር ሆዱ የት እንዳለ ሳይታወቅ አይሣልም። ገባሩን፣ ጉልተኛውን፣ የገዳሙን መሬት አስገባሁ። ትልቁ ወንዝ እንደ ዓባይ በክረምት ሞልቶ መሻገሪያውን ስለሚዘጋ ጦርነቱም እስከ መስከረም እንዲቆም አደረግሁ። ዋናውን ከተማ በእርሳስ ሣልሁት፤ የዚያ ዘመን ንጉሥ ከነድንኳኑና ከነሠራዊቱ አንዱን አገር በልቶ ሲጨርስ ወደ ሌላው ይነሣ ነበርና። "ተጫዋቹ ከተማው የት እንዳለ ካጣ ይናደዳል" አልኸኝ። ይናደድ፣ ገባሩም ተናዶ ነበር አልሁህ። ሳቅህና ተውህ።

ያልተውኸው ክቡን ነው። መሪጌታ ፍቅረ ሥላሴ፣ አባታችንን ቅኔ ያስተማሩት፣ የድሮውን ሥርዓት ነግረውኝ ነበር። የተሳደደ ሰው፣ ደም ያፈሰሰ እንኳ ቢሆን፣ ደብሩ ቅጥር ገብቶ ደወል ከመታ የሚነካው የለም፤ ጌታም ቢሆን ደጅ ቆሞ ይለምናል እንጂ አይገባም። ስለዚህ በየደብሩ ዙሪያ በኮምፓስ ቀይ ክብ አዞርሁ። አንተ ሁሉንም ፋቅኸው። "የታጠቀ ሰው በደወል ድምፅ ይቆማል ብሎ ማን ያምናል? ይሄ የሞተ ዘመን ሕግ ነው" ብለህ ጻፍህልኝ። ይህን ቃልህን ያዝልኝ።

ፋንታን ታውቀዋለህ፤ ከወንዙ ማዶ ያለው፣ አይሱዙ የገዛው። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላከ፤ ሁለቱንም ጊዜ አልፈልግም ብዬ መለስሁ። ሦስተኛውን ሽማግሌ ክላሽ አደረገው። በኅዳር ጽዮን ማግስት ከቢቸና ስመለስ፣ ከባጃጅ ወርጄ ወደ ቤት የሚገነጠለውን መንገድ እንደያዝሁ፣ እሱና ሁለት ጓደኞቹ ከቅንጭቡ አጥር ሥር ተነሡ። አንዱ ነጠላዬን አንገቴ ላይ ጠመጠመው። ሌላው እግሬን ከመሬት አነሣው። ፋንታ "አትጩሂ፤ ከርሞ ራስሽ ትስቂበታለሽ" አለኝ። አልጮህሁም፤ አፌ ሥራ ይዞ ነበር። አንገቴን ያነቀኝን አውራ ጣቱን አጥንቱ እስኪሰማኝ ነከስሁት። ቦርሳዬ ውስጥ እጄ የገባው ኮምፓሱ ነው፤ አንተ የላክህልኝ፣ ክቡን የሣልሁበት። ፋንታ ሊሸከመኝ ጎንበስ ሲል ጉንጩ ላይ ሰካሁት። ሹሉ ጥርሱን ሲነካ እጄ ላይ ተሰማኝ። ነቅዬ ደገምሁት።

እግሬን የያዘው ደንግጦ ሲለቀኝ ሮጥሁ። እግሬ ወደ ቤት ሊዞር ሲል ያ ቀይ ክብ ዓይኔ ላይ መጣ። ቤታችን ሩቅ ነው፤ አጥሩም ቆርቆሮ ነው። ደብሩ ግን ከፊቴ ነበር። ከኋላዬ ተኮሱ፤ ጥይቱ የጥዱን ቅርንጫፍ ቀንጥቦ ትከሻዬ ላይ ጣለው። ነጠላ የለኝ፣ ፀጉሬ ተበትኗል፣ አፌ በሰው ደም ተለውሷል፤ እንዲያ ሆኜ በደጀ ሰላሙ ገባሁና ወይራው ላይ የተሰቀለውን የድንጋይ ደወል ደበደብሁት።

ፋንታ በሩ ላይ ቆመ። ደሙ በጣቶቹ መካከል እየወረደ፣ ገመዱ ያለቀበት በሬ ይመስል ቆመ። እኔን ፈርቶ አይደለም፤ የአያቱ መቃብር እዚያው ቅጥር ውስጥ ነው። ጣቱን የነከስሁትም ከጎኑ ቆመ። ሦስተኛው ግን፣ ኮሌጅ የጨረሰው፣ ስሙን እዚህ የማልጽፈው፣ "ይሄ ዛሬ የሞተ ሕግ ነው" ብሎ ገባ። ያንተን ቃል ነው ያለው፣ ደምለው። በክላሹ ሰደፍ ራሴን ሲለኝ እጄን ሰጠሁት፤ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ አለ። ሲደግመኝ መሪጌታ ከጉባኤ ቤቱ ወጥተው በመቋሚያቸው ጉልበቱን አሉት። "ውሻ እንኳ እዚህ ሲገባ ጅራቱን ያጥፋል፤ አንተ ምን ስትሆን ነው?" አሉት። ደወሉን ሰምተው መጀመሪያ የደረሱት ሴቶች ናቸው። ጎረቤታችን ባንቺዓለም ዘነዘናዋን ሳትጥል ነው የመጣችው፤ አልጣለችውም አልልህም፣ ጎኑ ላይ ጣለችው። ተጎትቶ ወጣ። ከዚያን ቀን ወዲህ ከጎረቤቱ እሳት የሚያጭረው፣ ሰላም የሚለው የለም።

እኔ ቅጥሩ ውስጥ በአንዲት እማሆይ ጎጆ ሰነበትሁ። ሽማግሌዎች መጡ። "እሱም ደምቷል፣ አንቺም ተሰብረሻል፤ ተካክላችኋል። አሁን ጋብቻ ይዝጋው" አሉኝ። ስብራቴን ለጥሎሽ ቆጠራችሁት ወይ አልኋቸው። እስከ እሑድ አስቢበት ብለው ሄዱ። እናታችን ደም ይፋሰሳል ብላ ፈራች፤ ቢቸና ወጥታ ደወለችልህ። አንተም "ለጊዜው እሺ በያቸው በያት፤ ብቻ በሕይወት ትቆይ" አልህ። እናቴን አልተቀየምሁም፤ የምትፈራው በዓይኗ ያየችውን ነው። አንተን ግን ተቀይሜሃለሁ፤ በሆዴ ይዤ ከማሞቀው ብነግርህ ይሻላል። በእንዲህ ያለ ነገር ለጊዜው የሚባል እሺ የለም። ለጊዜው ያለች በዓመቱ ልጅ ታቅፋ ትገኛለች፤ ልጇንም "አባትሽ እኮ ወዶኝ ነው" እያለች ታሳድጋለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወይራው ሥር ተቀመጡ። ፋንታን አላገባም፤ ቢቸና ሄጄ እከሳለሁ አልሁ። ትልቁ ሽማግሌ አልተቆጡም፤ ብቻ "ልጄ፣ ከቅጥሩ ስትወጪስ ማን ይጠብቅሻል?" አሉኝ። እውነተኛ ጥያቄ ነው። የፋንታ ወንድሞች ከበሩ ውጭ ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል፤ ክቡ ደግሞ በሩ ላይ ያልቃል።

ባንቺዓለም አቧራዋን አራግፋ ተነሣችና "እኔ ቢቸና ጉዳይ አለኝ" አለች። ገበያ የሚባል በሌለበት ቀን። ሌላዋ "እኔም ጨው አልቆብኛል" አለች። አንዷ ሚስማር፣ አንዷ የታመመች እህት፤ ሁሉም ሰበብ እየፈጠረች ተነሣች። እናታችንም ተነሣች፤ ምንም ሰበብ አላለችም። መሐል አስገብተውኝ ወጣን። የፋንታ ታናሽ ጠመንጃውን አቀባበለ። ፈንታነሽ ከፊት ነበረች፤ አክስቱ ናት፣ ጡት አጥብታዋለች። "በል፣ ከእኔ ጀምር" አለችው። አልተኮሰም። ድንጋይ ግን ወረወሩ፤ የአንዷ ግንባር ተፈነከተ፤ ደሟን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ጉዞዋን ቀጠለች። ቢቸና ፖሊስ ጣቢያ በር ድረስ አንዲት ሴት ከዙሪያዬ አልጎደለችም። ቃሌን ሰጠሁ። መሪጌታ ይመሰክራሉ። ከዚያ ዘሚራ መጥታ ለጀሶው ሞጣ አመጣችኝ።

አዲሱን ካርታ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሃለሁ፤ የግራ እጅ ሥራ ነው። ክቦቹን መልሻቸዋለሁ፤ ተንጋደዋል፣ አታቃናቸው። አንዱ ክብ በሩ ላይ ተበጥሷል፤ ያ ሰውዬ የገባበት ነው። ሁልጊዜ አንድ የሚገባ ይኖራልና በጨዋታችሁ ሕግ ውስጥ አስገባው። ከዚያ ክብ ወጥቶ በመንገዱ ላይ የሚሄድ ሌላ ትንሽ ክብ ታያለህ። እሱን እንደ ንጉሡ ድንኳን በእርሳስ ሣልሁት፤ አይቆምም። ተጫዋቹ አያምንም ካልህ፣ ስሜንና የተሰበረ እጄን ንገረው።

ፍርድ ቤት የምቀርበው ከጥምቀት በኋላ ነው፤ በዚያን ዕለት ስልክህን እንዳትዘጋ። እናታችን ሀብትነሽ ዓይንህን ትስማለች፤ እኔ ስቀየምህ እሷ ቀድማ ይቅር ብላሃለች። መሪጌታ በጸሎት ያስቡሃል። ባንቺዓለም "ዘነዘና ጀርመን ይገኛል ወይ?" ብለሽ ጠይቂልኝ ብላለች። እትዬ ዓሊማና ዘሚራ በሰላም ያክርምህ ይላሉ። ሰብለ ወንጌልን አቅፈህ ሳምልኝ። ለሕፃኗ ስታድግ የሚሆን ኮምፓስ ግዛላት፤ የእኔን ፖሊስ በኤግዚቢትነት ይዞታል።

እኅትህ እፀገነት
ሞጣ፣ ታኅሣሥ ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.