ያሳመርኩት ጥያቄ

እሁድ፣ ሰኔ 15/78። ከቀኑ 8 ሰዓት

ከቀበሌ ስብሰባ መመለሴ ነው። ወገቤ ተቆርጧል። የረቂቅ ሕገ መንግሥቱ ውይይት ዛሬ የፕሬዚዳንቱ ሥልጣን ላይ ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ የቀረ ሰው ከቀበሌ ሱቅ ስኳር አያገኝማ። እኔ እንደተለመደው ቃለ ጉባኤ ያዥ። የታሪክ አስተማሪ ስለሆንኩ ጽሕፈቱን ለሷ ስጧት ተባለ። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽሽም ማስታወሻዬ።

ካድሬው፣ ጓድ ታደለ፣ አንቀጹን አነበበ። ጥያቄ ካለ አለ። ሁሉም ጫማውን ያያል። ድንገት አቶ ደምሴ ተነሡ! አጥር የምንጋራቸው ጡረተኛ፣ ዕድሜ ልካቸውን መዝገብ ቤት የሠሩ። ብሔራዊ ሸንጎው በዓመት አንዴ ተሰብስቦ ከተበተነ፣ በመሃል ፕሬዚዳንቱ ቢሳሳቱ ማን ይነግራቸዋል? ይቺው ናት። ሰው ሳቀ። ጓድ ታደለም ፈገግ ብሎ ጥያቄዋ ትመዝገብ አለ።

ሰኞ፣ ሰኔ 16። ማለዳ

ት/ቤት ከመሄዴ በፊት ቃ/ጉባኤውን ገለበጥኩ። ቅጹ ላይ የጠያቂ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ጥያቄ። የአቶ ደምሴ ጥያቄ ራቁቷን ታየችኝ። ትንሽ ላልብሳት አልኩ። እንዲህ ሆነች፦

«በፓርላማ ሥርዓት ጠ/ሚኒስትሩ ከምክር ቤቱ ይወጣል፤ ምክር ቤቱ እምነት ካጣበት ያወርደዋል። በፕሬዚዳንታዊ ሥርዓት ፕሬዚዳንቱን ሕዝብ ለተወሰነ ዘመን ይመርጠዋል፤ ምክር ቤቱ በቀላሉ አያወርደውም፣ እሱም ምክር ቤቱን አይበትንም። በረቂቁ ግን ፕሬዚዳንቱ ጦሩን ያዛል፤ ሸንጎው በሌለበት ሚኒስትር ይሾማል፣ ይሽራል። ከሁለቱም ሥልጣኑን ወስደን ልጓሙን ለምን ተውነው?»

ልጓም! ሦስቴ አነበብኩት። ክፍል ውስጥ እንዲህ አጥርቼ አስተምሬ አላውቅም፤ ማንስ ይፈቅድልኛል። ጓድ ታደለ ሳያነበው ፈረመ። ከሰዓት በኋላ ወደ በላይ፣ ወደ ከፍተኛው ጽ/ቤት ይሄዳል።

ዓርብ፣ ሰኔ 20

ጓድ ታደለ ቤቴ መጣ። አልቀመጥም አለ። ፊቱ አመድ መስሏል። ስለ አቶ ደምሴ ይጠይቃል፦ ማን ይመጣባቸዋል፣ ምን ያነባሉ፣ ውጭ አገር ዘመድ አላቸው ወይ። እኔ እንጃ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ጎመናቸውን ይኮተኩታሉ አልኩ። ከፍተኛው ተቆጥቷል። ይህ የስብሰባ ጥያቄ ሳይሆን የተጠና ቅስቀሳ ነው ብለዋል። ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ ቃሉ የራሳቸው ነው ወይ አለኝ።

አዎ አልኩ።

ምላሴ ቀደመኝ። እሱም በረጅሙ ተነፈሰ፤ የፈረመው እሱ ነዋ። ሁለታችንም አመለጥን መሰለን። ራሴን ጠላሁት።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 24። 10 ሰዓት

ወሰዷቸው። ጠዋት፣ ገና ፊታቸውን ሳይታጠቡ። ጂፑ በሜክሲኮ አደባባይ በኩል ሄደ ይላሉ። ሰፈሩ በር ዘግቷል። ባለቤታቸው ወ/ሮ አስካለ እኔ ዘንድ መጡ፤ የተማርሽ ነሽ፣ ምን ብለው ነው የወሰዷቸው? አላውቅም አልኩ። ሁለተኛ ውሸት። ምግብ ይዘን ወደ እስር ቤቱ አብረን ሄድን። ዘበኛው ሳህኑን ተቀበለን። እዚያው አሉ ማለት ነው፤ ወ/ሮ አስካለ አምላካቸውን አመሰገኑ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 26

ወ/ሮ አስካለ ለጥቂት ደቂቃ አገኟቸው። ከንፈራቸው አብጧል። መርማሪዎቹ ጥያቄውን አንብበውላቸው ያንተ ነው ወይ ሲሏቸው፣ የኔ ነው ብለዋል። መምህሯ ያላልኩትን አትጽፍም ብለው! ከዚያ አስረዳ ተባሉ፤ በጠ/ሚኒስትርና በፕሬዚዳንት መሃል ልዩነቱ ምንድነው? አላወቁም። እንዴት ይወቁት? እንግዲያው ማን አስጠናህ ነው ጥያቄው። ስም ስጥ። የሚሰጡት ስም የላቸውም። ካልሰጠህ ወደ ሌላ ቦታ እናዛውርሃለን ብለዋቸዋል፤ እስከ ነገ ቀትር ጊዜ ሰጥተዋቸዋል።

ለኔም መልእክት ልከዋል። ያነበቡልኝ ነገር ማማሩ፣ ጽሕፈቷ የተባረከ ነው በያት ብለዋል። የምራቸውን ነው፤ አሽሙር አያውቁበትም። እጄን ብቆርጠው በወደድኩ።

ዓርብ፣ ሰኔ 27። ከጠዋቱ 1 ሰዓት

ዝናብ። ለት/ቤት አሞኛል ብዬ ላክሁ። ለመርማሪዎቹ ምን ብዬ እንደምናገር ስጽፍ ስሰርዝ ነጋ። «እንደ ታሪክ አስተማሪነቴ፣ የሁለቱን ሥርዓት ልዩነት ግልጽ ለማድረግ በማሰብ...» ቀደድኩት። አሁንም አሳምራለሁ! ዛሬ እንኳ አያስችለኝም።

እንዲህ ብቻ፦ እሳቸው የተናገሩት አንድ መስመር ነው፣ ሌላው የኔ ነው።

እዚያው ካስቀሩኝ ብዬ ሹራብ ደርቤአለሁ። ካልሲም ሁለት። ወ/ሮ አስካለ ቁርስ ቋጥረው በር ላይ ቆመዋል፤ ብቻዬን አልሄድም፣ አንቺ አለሽልኝ እያሉ። ገና ምንም አያውቁም። መንገድ ላይ እነግራቸዋለሁ።