ለዳማ ሥራ ፍለጋ

መስከረም 7 ቀን 1963፣ ቡታጅራ

ዛሬ ደግሞ የደንበኛ ሱሪ አኘከ። ውሻዬ ዳማ ነው። ልቆጣው ብዬ ዓይኑን ሳየው ተውኩት። መስቀል ደርሷል፤ አገሩ ሁሉ አዲስ ልብስ ስፋልኝ ይላል። እኔ ከስፌት መኪናዬ አልነሳም፣ እሱ ደጃፍ ላይ ታስሮ ሲያላዝን ይውላል። ሥራ የፈታ ምን ያድርግ? ሥራ መስጠት ነው።

ሰጠሁት። አጥንት በኮባ ጠቀለልኩና በቃጫ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩለት። ዞረው፣ አሸተተው፣ በእግሩ ገፋው። ፈትቶ አጥንቱ ጋ እስኪደርስ እኔ ሁለት ሱሪ ጨረስኩ። ከዚያ ለጥ ብሎ ተኛ። እኔን የሚያህል ብልህ ቡታጅራ ውስጥ ካለ ይምጣ።

አመሻሽ ላይ በገመድ ይዤው ወደ እንሴኖ መውጫ ተንሸራሸርን። ከሱቄ ፊት ለፊት የሚነግዱት ጋሽ ከድር "ፍየል ነው እንዴ የምትጎትተው?" አሉኝ። "ፍየል ቢሆንማ ዋጋ ይጠይቁኝ ነበር" አልኳቸው።

መስከረም 9

ጨዋታው ከፍ አለ። አሁን ጥቅሉን እደብቃለሁ፦ ከማገዶው ሥር፣ ከእንሰቱ ጀርባ፣ አሮጌ ጫማ ውስጥ። በአፍንጫው ፈልጎ ያገኘዋል። ኮባውን መቦጫጨቅ ትቷል፤ ቃጫውን በጥርሱ ስቦ ይፈታል። ሲጨርስ ባዶውን ኮባ አምጥቶ እግሬ ሥር ያስቀምጥና "ጎበዝ" እስክለው ይቆማል።

ጩኸት የለም። የታኘከ ሱሪ የለም። ቤት ያከራዩኝ እማማ ወለላ እንኳ "ይሄ ውሻ ሥራ ያዘ" አሉ። ከእሳቸው አፍ ይህን መስማት ቀላል አይደለም።

መስከረም 11

ጉድ ሆንኩ።

እማማ ወለላ የመስቀሉን ቅቤ ከገበያ ይዘው ገቡ። ቅቤ ደግሞ በምን ይመጣል? በኮባ ተጠቅልሎ፣ በቃጫ ታስሮ። በራቸው ላይ አስቀምጠው ከጎረቤት ሰላምታ ሲለዋወጡ ዳማ አነሳው። እንሰቱ ጀርባ ወስዶ በሥርዓት ፈታ፣ ላሰ፣ ኮባውን ይዞልኝ መጣ። እኔም ከስፌቴ ቀና ሳልል "ጎበዝ" አልኩት። እማማ ወለላ ከኋላው ቆመዋል።

ቅቤውን እተካለሁ ብል አልሰሙኝም። "የክትፎዬን ቅቤ አስልሰህ ደግሞ ታመሰግነዋለህ?" አሉ። ወንድማቸው ለመስቀል ከእንሴኖ ይመጣል። እስከዚያ ዳማ አንድ ጥቅል ከነካ፣ ወንድምየው ወስዶ በርበሬ ማሳው ላይ ሌት ተቀን በሰንሰለት ሊያስረው ነው። ፈራሁ። ይህን ውሻ ገና ቡችላ ሳለ ከእናቴ ቤት፣ ከቡኢ፣ በካፖርቴ ጠቅልዬ ነው ያመጣሁት። እዚህ ከተማ ውስጥ እኔ ስገባ ደስ የሚለው እሱ ብቻ ነው።

መስከረም 12

ማን አስተማረው? እኔ። እንግዲያው ቀሪውንም እኔው አስተምረዋለሁ።

ጥቅሉን መሬት አስቀመጥኩና "ቆይ" አልኩት። ዘለለበት። መዳፌን ጫንኩበት። እንደገና። አሁንም እንደገና። ቁጭ ሲልልኝ "ብላ"። ምሳ ሰዓት ላይ ገባው፤ እኔ ምሳዬን ረሳሁ። የዛሬው ቀሚስ ለነገ ተላልፏል። ባለቀሚሷ ብትቆጣ ትቆጣ።

መስከረም 14

ጨዋ የሚሆነው ሳየው ብቻ ነው። ዞር ስል ይበላዋል። ቀኑ ደግሞ እየገሰገሰ ነው።

ጥቅሉን ፊቱ ትቼ ጋሽ ከድር ሱቅ ገባሁና ከጨው ጆንያ ጀርባ ተሸሸግሁ። ጋሽ ከድር ለሶላት ታጥበው ውዱእ አላቸው፣ ውሻ እንዲጠጋቸው አይፈልጉም። ለወሬ ግን አንደኛ ናቸው። ባንኮኒያቸው ላይ ተደግፈው "ተነሳ... ተቀመጠ... አንተን እየፈለገ ነው... በላው" ይሉኛል። ደጋግሞ በላው። ተስፋ ልቆርጥ ስል "ቁጭ እንዳለ ነው" አሉ። ትንሽ ቆይተው "አሁንም ቁጭ እንዳለ ነው። ወላሂ እኔ ይህን ያህል አልታገሥም።" መንገዱን በሩጫ ተሻግሬ "ብላ" አልኩት።

መስከረም 16

የእርዱ ቀን ነው፤ ግቢው ሰው በሰው ሆኗል። ወንድምየው ሰንሰለት ይዞ መጥቷል። የመጨረሻዎቹን ልብሶች ላደርስ ስወጣ "እሰረው እንጂ" አለኝ። "ታስሮማ ምኑ ይታወቃል?" አልኩት። አፌ ደፋር ነው፤ ልብሱን ሳደርስ ግን መንገድ ሁለቴ ተሳሳትኩ።

ስመለስ እንግዳው ሁሉ ከብቦ ቆሟል። መሃል ላይ ዳማ ተቀምጧል፣ የቅቤ ጥቅል እግሩ ሥር። ለሃጩ መሬቱን አርሶታል፣ ገላው ይንቀጠቀጣል። ጥቅሉ ሳይፈታ እንዳለ ነው።

"እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት፤ ልየው ብዬ" አሉ እማማ ወለላ። "እንደወጣህ ነው ያስቀመጥኩት።"

ጥቅሉን ላነሳላቸው ጎንበስ ስል እጄን ያዙኝ።

"አንተን ነው የሚያየው። ምን እስክትለው ነው?"

"'ብላ' እስክለው ነው፣ እማማ።"

ቅቤውን አዩ። ዳማን አዩ። "በለው እንግዲህ" አሉ።

"ብላ" አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ወንድምየው ሰንሰለቱን ከረጢቱ ውስጥ መልሶ ከተተ። እኔ ዕንባዬ እንዳይታይ ዞር አልኩ።

አሁን ዳማ ሆዱ ተነፍቶ አጠገቤ እያቃሰተ ነው። "ተው" የሚለውን ገና አላስተማርኩትም። እሱንም ይለምደዋል።