ስለ ሰማያዊው ኩሬና ስለ ባለቤቴ አፍንጫ

ለክቡር የአዲስ መንደሮች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤና፣ ከዚያም በተለየ ለአፍንጫዎ ጤና ያለኝን ልባዊ ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። ሌላው ሰው ለአለቃ ሲጽፍ ዕድሜና ሹመት ይመኛል። እኔ ግን አሁን በምኖርበት ስፍራ ሆኜ ሳስበው ለሰው ልጅ አፍንጫን የመሰለ ጸጋ እንዳልተሰጠው ስለተረዳሁ፣ ፈጣሪ የእርስዎን እንዳለ እንዲያቆይልዎና ለአንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ይዘውት ወደ እኛ መንደር እንዲመጡ ዘወትር እጸልያለሁ።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ፣ በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ። በእጄ ያመጣኋቸውን ማመልከቻዎች ጸሐፊዎ በሁለት ጣቶቿ ጫፍ እየተቀበለች፣ መስኮቱን ከፈት አድርጋ «እዚያ ጥግ ያስቀምጡት አባቴ» ስትለኝ ቆይታለች። መጀመሪያ ንቀት መስሎኝ ነበር፤ ምስኪኗ ልጅ እንዳልናቀችኝ የገባኝ ቆይቶ ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እጀምራለሁ፣ ስለ ጥሩው ውሃ ግን እኛ ዘንድ የሚሆን ነገር ስለሌለ አይጠብቁኝ።

እኔ የልብስ አጣቢ ባል ነኝ። ሥራዬም ይኸው ነው፤ ባለቤቴ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች፣ እኔ ከደንበኛ እቀበላለሁ፣ ለደንበኛ አደርሳለሁ። ሴት ልጃችንን ያሳደግነው በመሀል ከተማ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ባለው ቀጭን መንገድ ውስጥ በነበረን ሁለት ክፍል ቤት ነው። ግቢው የጋራ፣ ቧንቧው የጋራ፣ ጠቡም የጋራ ነበር። ልብስ የሚሰጣው ከእኛ ጣሪያ ወደ ጫማ ሰፊው ጣሪያ በተወጠረ አንድ ገመድ ላይ ሲሆን፣ ባለቤቴ የአውቶቡስ ጭስ እንዳይነካባት ግማሽ ዕድሜዋን አንገቷን ቀና አድርጋ ስትሰቅልና ስታወርድ ኖራለች። አንድ ልማድ አላት። የተተኮሰውን ልብስ አጥፋ ከመስጠቷ በፊት ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ፣ ዓይኗን ጨፍና ታሸተዋለች፤ ከዚያም «ንጹሕ ነው» ትላለች። ይህን ሳትል ከቤታችን የወጣ መሀረብ እንኳ የለም። ደንበኞቻችን ስሟን ረስተው «እትዬ ንጹሕ» ብለው የሚጠሯት በዚህ ምክንያት ነው፤ ከእነርሱም መካከል ልብሳቸውን በሾፌር የሚልኩ ባለ ሥልጣናት ሳይቀሩ አሉበት።

እርስዎም አንድ ቀን በአዳራሹ ሰብስበውን፣ የምንኖርበት ሰፈር ለሰው ልጅ ክብር የማይመጥን መሆኑን አስረዱን። ደስ ብሎን ሰማን፣ ክብር እንዳለን የነገረን ሰው አልነበረምና። ከዚያ ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ ካርታ ዘረጉ። ቤቶቹ በቢጫ፣ ሜዳው በአረንጓዴ፣ ከሜዳው ወዲያ ደግሞ አንድ ኩሬ በሰማያዊ ተቀብቶ ነበር። «ነፋሻ አየር! ሰፊ ግቢ! ከኩሬው ዳር የሚነሳ ንፋስ!» አሉን። ባለቤቴ በሰው ፊት የምታጨበጭብ ሴት አይደለችም፤ ያን ዕለት ግን ከመቀመጫዋ ተነስታ አጨበጨበች። ለሌላው ሰው ንፋስ ንፋስ ነው፣ ለልብስ አጣቢ ግን እንጀራ ነው። እንግዲህ ያኔ እንዳጨበጨብን ቀረን።

አሁን ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ቤቱ አመሰግናለሁ። እውነቱን ለመናገር ቤቱ ደህና ነው፤ ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ ግቢውም ሰፊ ነው። ባለቤቴ በገባን ማግስት ጓዝ ሳንፈታ ገመድ ወጠረች፣ ያውም ከዳር እስከ ዳር። በነጭ አንሶላዎች መሀል ወዲያና ወዲህ ስትል እንደ አዲስ ሙሽራ ነበረች። ያን ቀን ንፋሱ ከእኛ ወደ ኩሬው ይነፍስ ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ኩሬው አመሰግናለሁ። ካርታዎ አልዋሸም፣ ኩሬ አለ። ያልነገሩን ነገር ቢኖር ኩሬውን የሚሞላው ዝናብ አለመሆኑን ብቻ ነው። የከተማውን ሽንት ቤት የሚመጥጡት ቦቴ መኪኖች በየቀኑ በበራችን አልፈው፣ ጀርባቸውን ወደ ኩሬው አዙረው፣ ቱቦአቸውን ይለቃሉ። ሰማያዊ አይደለም፤ ቀለሙን በዚህ ደብዳቤ መግለጽ ለእርስዎ ካለኝ አክብሮት ጋር አይሄድም። አረንጓዴው ሜዳ ግን ከካርታው ይበልጥ አረንጓዴ መሆኑን እመሰክራለሁ፤ በምን እንደሚፋፋ ይገምታሉ። ቦታውን ልታስጎበኙን ያመጣችሁን ቀን እንዴት እንዳልሸተተን ስንገረም፣ ከመንደሩ ጫፍ የሚያርሱ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ሳቁብን። «እናንተን ሊያመጡ ሲሉ ቦቴዎቹን ሳምንት ሙሉ ከዚያ ከመታጠፊያው አልፈው እንዳይመጡ ከለከሏቸው እኮ! እኛማ ምን በዓል ነው ብለን ነበር» አሉን። ለካ እንግዳ ተቀባይነትዎ እስከዚህ ድረስ ነበር። እኛም ከድጡ ወደ ማጡ መጣን።

ሦስተኛ፣ ስለ ዝንቦቹ። ዝንብ ቢሰበሰብ ጋን አይከፍትም ይባል ነበር። የእኛን ዝንቦች ላላየ ሰው የተነገረ ተረት ነው።

አራተኛውን በቁጥር ልጽፈው አልችልም፤ የሚያስቀኝም እዚህ ላይ ያበቃል። ክቡር ሆይ፣ ሰው የማይለምደው ነገር የለም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መስኮት ዘግተን፣ መሀረብ አስረን፣ ምግብ ወደ አፋችን ስናደርስ እያቅለሸለሸን ኖርን። ከዚያ ቀስ በቀስ ሽታው ተወን። እኛ ሽታው የጠፋ መስሎን ተመስገን አልን። እርሱ ግን አልጠፋም፣ የጠፋው አፍንጫችን ነው። ይህን ያወቅሁት ልብስ ይዤ ወደ ከተማ ስወርድ በአውቶቡስ ውስጥ ነው። ከጎኔ የተቀመጠው ሰው ተነስቶ መቆም መረጠ፤ ከፊቴ ያለችው ሴት መስኮቱን ከፈተች፤ አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ በአጠገቤ ያለው ወንበር እስከ መጨረሻው ፌርማታ ባዶውን ሄደ። እኔም ጭኔ ላይ ያለውን ነጭ ጥቅል አቅፌ፣ የማን ጫማ ምን ረግጦ ይሆን እያልኩ የሰዎችን እግር አይ ነበር።

የእንጀራችን እኩሌታ የአንድ ሆቴል የጠረጴዛ ልብስና አንሶላ ነበር። ለሠርግ ድግስ የሚሆን ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ታጥቦ፣ በነፋሻው አየርዎ ደርቆ፣ ተተኩሶ ታጠፈ። ባለቤቴ እንደ ልማዷ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ «ንጹሕ ነው» አለች። በሠርጉ ላይ እንግዶቹ ገና ሳይቀመጡ እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ አሉ። የሙሽራዋ እናት የአዳራሹ ሽንት ቤት ፈንድቷል ብላ ጮኸች፤ አስተናጋጆቹ ምንጣፍ እየገለጡ፣ የወጥ ቤቱን ፍሳሽ እየከፈቱ ሲፈልጉ ቆዩ። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ወደ አንደኛው ጠረጴዛ ጎንበስ ሲል አገኘው። በማግስቱ ጨርቁን ሁሉ መለሰልን፤ እኛንም አብሮ መለሰን።

ባለቤቴ የተመለሰውን ጨርቅ ይዛ ግቢ ውስጥ ተቀመጠች። ደጋግማ አሸተተችው፤ ጥግ ጥጉን፣ ስፌቱን፣ መሀሉን። ከዚያ ወደ እኔ ዘርግታ «አንተስ? ይሸትሃል?» አለችኝ። ብዋሽላት ደስ ባለኝ፤ ግን አልሸተተኝም። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል የሚባለውን ያን ቀን በራሴ ላይ አየሁት። ከዚያ ወዲህ ለአሽታችነት የቀረችን ልጃችን ብቻ ናት። እርስዋም ለትምህርቷ ስትል ከተማ አክስቷ ዘንድ አርፋ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ትጠይቀናለች። እናቷ በር ላይ ስታቅፋት ልጅቱ ትንፋሿን እንደምትይዝ እኔ አያለሁ። እናቷም ታውቃለች፤ ስለዚህ አሁን አሁን እቅፏን ታሳጥራለች። ክቡር ሆይ፣ ከዝንቡም ከኩሬውም ይልቅ የሚቀፈኝ ይህ ነው፤ የሚቀፈውን ነገር መጸየፍ እንኳ እንድንረሳ አደረጋችሁን።

ስለ ባለሙያዎ ሳላመሰግን ባልፍ ግን ንፉግ እባላለሁ። ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ አንድ ጎልማሳ ባለሙያ ላኩልን። ከመኪናው ሳይወርድ በአፍንጫው ላይ ጭምብል አጠለቀ፤ ጭምብሉን ሳያወልቅም ሽታ መኖር አለመኖሩን መረመረ። ከዚያ ባለቤቴን «እናት፣ ለመሆኑ አሁን ይሸትዎታል?» ብሎ ጠየቃት። እርስዋ ደግሞ ሐሰት መናገር ያልፈጠረባት ሴት ናት፣ «እኔስ አይሸተኝም፣ ልጄ» አለችው። ልትቀጥል ነበር። አፍንጫዋ እንደሞተ፣ ሥራዋ እንደሞተ ልትነግረው ነበር፤ እርሱ ግን የሚፈልገውን አግኝቶ ወደ መኪናው ተመልሷል።

በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የሆነውን እርስዎም ያስታውሱታል። ሰው ሁሉ ስለ ሽታው ሲጮህ፣ እጅዎን ከፍ አድርገው ዝም አሰኙንና፣ ከመካከላችን አንዲት በንጽሕናዋ የተመሰከረላት ልብስ አጣቢ ምንም ዓይነት ሽታ እንደሌለ ለባለሙያዎ በአንደበቷ ማረጋገጧን በኩራት ነገሩን። አዳራሹ ሙሉ ወደ ባለቤቴ ዞረ። አንድም ቀን በሐሰት ንጹሕ ነው ብላ የማታውቅ ሴት፣ ሸጠችን ተብላ በገዛ ጎረቤቶቿ ፊት አንገቷን ደፋች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ የሚሰጧት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ስሟ ቀርቷት ነበር፤ እርሱንም ወሰዱት።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። ቦቴዎቹ ሰው በሌለበት ሌላ ስፍራ ይሂዱ። ሰዎቹን ከማምጣትዎ በፊት ለአንድ ሳምንት ማስቆም ከቻሉ፣ ሰዎቹ ከመጡ በኋላም ማስቆም ይችላሉ ብዬ አምናለሁ። ባለቤቴንም በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ሰው ፊት ይቅርታ ይጠይቋት። ይህ ሁሉ ከሥራዎ ብዛት የተነሳ የማይቻል ከሆነ፣ ቢያንስ ካርታውን ያስተካክሉ። በመጪው እሑድ ሌሎች ቤተሰቦችን በአውቶቡስ አምጥተው ሁለተኛውን መንደር እንደሚመርቁ ሰምተናል፤ ከሰኞ ጀምሮ ቦቴዎቹ ስለቀሩ መስማትም አላስፈለገን። ለእነዚያ ሰዎች ሲሉ ሰማያዊውን ቀለም ለሰማይ ይተዉለት።

ለዘረጉልን ሰፊ ግቢ፣ ለሰጡን ንፋስ፣ ለነጠቁን አፍንጫ ወሮታዎን መክፈል የማይቻለኝ፣ ከኩሬዎ ዳር ሆኜ እጅ የምነሳ፣

አክባሪዎ
የእትዬ ንጹሕ ባል

ማሳሰቢያ፦ ይህ ደብዳቤ ሲታተም እርስዎ ከምረቃው መድረክ ላይ ቆመው ይሆናል። እኛን አያውቁን ይሆናል እንጂ እኛ እናውቅዎታለን፤ የአንገትዎን ልክ፣ የቀኝ እጅጌዎን የቀለም ጠብታ ሳይቀር። ሾፌርዎ የክት ኮትዎንና ነጭ ሸሚዝዎን ለእሑድ እንዲደርስ ብሎ ሰጥቶኛል፣ ወደዚህ ከመጣን ወዲህ የመጀመሪያዎ ነው። ሰኞ ቦቴዎቹ ከመቅረታቸው በፊት፣ ንፋሱ ከኩሬው ወደ እኛ በሚነፍስበት ቀን፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ልብስ ታጥቦ ግቢያችን ውስጥ ውሎ ደርቋል። ክፉ አላሰብንም፤ ሌላ አየር ስለሌለን ነው። በአጠገብዎ ያለው ወንበር ባዶውን ከዋለ ምንጣፍ አያስገልጡ። ባለቤቴ አጥፋ፣ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ «ንጹሕ ነው» ብላለች። የእርስዋ ምስክርነት ደግሞ ለጽሕፈት ቤትዎ በቂ መሆኑን ራስዎ በአዳራሽ ነግረውናል።