ስም ያልተጻፈበት ታሪክ

ጉደር፣ ሐምሌ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? ጤናህስ፣ ክረምቱስ እንዴት ይዞሃል? ሰባት ዓመት ስምህን ጮክ ብዬ ሳልጠራ ኖሬ ዛሬ ደህንነትህን መጠየቄ ለራሴም ይገርመኛል። እኔ በሥጋዬ ደህና ነኝ። እማዬም አለች።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ የከተማችን የሥነ ጽሑፍ በዓል ነበር። አንተ ስታውቀው ሃያ ሰው የማይሞላው በዓል አሁን ከአምቦም ከጌዶም ሰው ይመጣበታል። እኔ የኮሚቴው ጸሐፊ ነኝ። ከምሳ በኋላ ንባቡ ሊጀመር ሲል፣ ድምፅ ማጉያው እማዬን ስላስቸገራት ከፊት ተነሥተን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥን።

ኦቦ ጅሩ፣ እኒያ የአማርኛ አስተማሪያችን፣ መድረክ ላይ ወጡና በፕሮግራሙ ያልተያዘ ጽሑፍ አወጡ። ስም አልተጻፈበትም አሉ፤ ማንበብ ጀመሩ።

ታሪኩ ነሐሴ ላይ ወደ ፏፏቴው ስለወረዱ ወንድምና እህት ነው። እህትየዋ በበዓሉ አንብባ የተሸለመችበትን ጽሑፍ የገለበጠችው ከወንድሟ ደብተር ነበር። የሁለታችን ነው በይ፣ ይበቃኛል አላት። ማን ያምንሃል አለችው። ኦቦ ጅሩ ይህን ሲያነቡ ድምፃቸው የእኔን ድምፅ መሰለኝ። ያን ቀን በአካባቢው ከእኔና ከአንተ በቀር ሰው አልነበረም። ከዚያ ደብተሩን ልትነጥቀው ስትታገል እግሩ እርጥቡ ድንጋይ ላይ ከዳው።

እስከዚህ ድረስ አውቀዋለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን፣ ሮጬ ስለሄድኩ፣ ላውቀው አልችልም። ኦቦ ጅሩ ገጹን ገለጡ። ወንድምየው የዛፍ ሥር ይዞ ተንጠልጥሏል። እህቱ ዳገቱን ስትወጣ ያያታል። ስሟን ሦስት ጊዜ ጠራ። በሦስተኛው ቆመች፤ ሳትዞር ትንሽ ቆየችና መንገዷን ቀጠለች።

ወንድሜ፣ የውሃው ጩኸት ነው እያልኩ ራሴን ሳታልል ኖሬአለሁ። ሰምቼሃለሁ።

እማዬ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ እኔ ዘንበል አለችና፣ የማን ልጅ ይሆን፣ እናቱስ ሰምታ ይሆን አለችኝ። ያኔ ከፏፏቴው ስመለስ የነቀምቴ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሄደ ብያት ስለነበር ወንዙ ውስጥ የፈለገህ ሰው የለም። እሷም እስከ ዘንድሮ መናኸሪያ እየሄደች ሾፌሮቹን ስትጠይቅ ነው የኖረችው።

ንባቡ እንዳለቀ ኦቦ ጅሩ ዘንድ ሮጥኩ። ጽሑፉን ማን ሰጠዎት አልኳቸው። ጠዋት በር ላይ አንድ ቀጭን ሰው ሰጣቸው፤ ፊቱን ልብ አላሉትም። እህቴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናት፣ ቀስ ብለው ያንብቡላት ብሏቸዋል። ጠዋት እኛ ገና ከቤት አልወጣንም ነበር። ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። ጽሕፈቱ ያንተ ነው።

እሑድ ለእማዬ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። አላለቀሰችም፤ አልረገመችኝም። ሲጣራ እኔን ጠርቶ ነበር ወይ አለችኝ። ያንቺን ስም አልሰማሁም አልኳት። ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ለኮሚቴውም የተሸለምኩበት ጽሑፍ ያንተ መሆኑን ጽፌ ሥራዬን ለቀቅኩ። መንገድ ላይ ሰላም የሚለኝ ሰው ጥቂት ነው፤ የሚገባኝ ነው።

ከዚያ ወዲህ እማዬ ጠዋት ጠዋት ወደ ፏፏቴው ትወርዳለች። ትናንት ከሩቅ ተከተልኳት። ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ በኦሮምኛ ታወራለች። ኢልማ ኮ ትላለች፤ ልጄ ማለቷ ነው። ትጠይቅና ዝም ትላለች፤ መልስ እንደሰማ ሰው ራሷን ትነቀንቃለች። አንዴማ ከልቧ ሳቀች። እንዲያ ስትስቅ ከሰማሁ ሰባት ዓመቴ ነው። ከፊቷ ውሃው ብቻ ነበር። ልጠጋት ፈልጌ ነበር፤ ሳልጠጋት ተመለስኩ።

ዛሬ ማታ ይህን ደብዳቤ ስጽፍ አየችኝ። የትኛው ፖስታ ቤት እንደምወስደው እንኳ አላውቅም ነበር። እጇን ዘረጋችና፣ ስትጨርሺ ስጪኝ፣ ነገ አደርስለታለሁ አለችኝ። ለማን እንደምጽፍ አልጠየቀችኝም።

እግርህ የቆመበት ሁሉ ደረቅ መሬት ይሁንልህ። ከብርድ ይጠብቅህ፤ ብቻህን አያስቀርህ። መልስ ካለህ ለእሷ ንገራት።

እህትህ