ቁጥር የሌላቸው ትኬቶች

ማክሰኞ፣ መስከረም 11 ቀን 2003 ዓ.ም.

ዝናቡ ዛሬም አልተወንም። ደብተር ሳርም ዋልኩ። ለትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ማሠሪያ የምናዘጋጀው የሙዚቃ ዝግጅት ትኬት ከማተሚያ ቤት መጣ። የኮሚቴው ማኅተም እኔ ዘንድ ነው። “ፍቅሩ ጠንቃቃ ነው” ብለው ነው የሰጡኝ። እስቲ ይሁን።

ሐሙስ፣ መስከረም 13

ነገ እንሴኖ፣ አባቴ ቤት፣ መግባት አለብኝ። በኩር ልጃቸው እኔ ሳልደርስ አባቴ የመስቀሉን በሬ አያስነኩም። አጎቶቼ ሁለቴ ደወሉ።

የተከራየነው አዳራሽ የሚይዘው አምስት መቶ ሰው ነው። አታሚው ለብልሽት ብሎ ሦስት መቶ አስበልጦ አትሟል። ትርፉ መቀደድ ነበረበት… ቸኮልኩ። ሁሉም ላይ ማኅተም መታሁና መሳቢያ ውስጥ ተውኩት። የአምስት መቶውን ቁጥር ያረጋል ይሞላዋል። ዘፋኞቹን የሚያመጣልን እሱ ነው። ትርፉንም ይቀድዳል። ይቀድዳል መቼም?

ሰኞ፣ መስከረም 17

እንሴኖ። ክትፎው ቀርቦ አልበላ አለኝ። አባቴ “አመመህ?” አሉ። ያረጋል ትርፉን ቀድዶት ይሆን?

ማክሰኞ፣ መስከረም 18

ወደ ቡታጅራ ተመለስኩ። መናኸሪያው ለመስቀል ከአዲስ አበባ በመጣ ሰው ታጭቋል። የሃምሳ ብሩ ትኬት በመቶ ሃምሳ ይቸበቸባል። ሻጮቹን አላውቃቸውም።

ጎረቤቴ ሙስተፋ፣ ልብስ ሰፊው፣ አንድ ገዝቷል። አገላብጬ አየሁት። ቁጥር የለውም። “ቲቸር፣ ደህና ነው አይደል?” አለኝ። “ማኅተሙ የእኛ ነው” አልኩት።

ለምን እንደዚያ አልኩ?

መሳቢያው ባዶ ነው። ያረጋል ስልክ አያነሳም። ጡረታ የወጡትን ዳኛ አቶ ገብረወልድን ሄጄ አማከርኩ። አዲስ የሸማቾች አዋጅ ወጥቷል ይባል የለ? አልኳቸው። ወጥቷል አሉ፤ ግን ደረሰኝህ የት አለ፣ ሻጩስ ማን ነው ተብሎ ይጠየቃል። መናኸሪያ ላይ ማን ደረሰኝ ይቆርጣል? ከዚያ ትክ ብለው አዩኝና “ዛሬውኑ በድምፅ ማጉያ ቁጥር የሌለው አያስገባም በል። ማን ማኅተም መታበት ሲሉህ፣ እኔ በል” አሉኝ።

ነገ ጠዋት እናገራለሁ።

ረቡዕ፣ መስከረም 19

አልተናገርኩም። ርእሰ መምህሩ ፊት ቆሜ “እንኳን አደረሰዎ” ብዬ ተመለስኩ። ፈሪ ነኝ።

የአዳራሹ ዘበኛ ሀቢቡ፣ የበሩ አንዱ ክንፍ ተበይዶ ከተዘጋ ዓመት አልፎታል አለኝ። ስምንት መቶ ሰው በአንድ ክንፍ… “አላህ ይጠብቅ” አለ። ዝግጅቱ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ገና በስድስት ሰዓት ሰልፉ መንገዱን ተሻግሯል። ሁሉም ትኬቱን ከፍ አድርጎ ይዟል። የእኔ ማኅተም ከሩቅ ይታያል።

ሐሙስ፣ መስከረም 20

ትናንት አዳራሹ ሞላ ብለው ሊዘጉት ሲሉ ውጭ የቀረው ሰው ገፋ። በሩ ከነመቃኑ ወደቀ። የሞተ የለም ይላሉ። ሙስተፋ ቀኝ እጁ ከሥር ነበር።

ያረጋል ከተማውን ለቋል።

ቅዳሜ፣ መስከረም 22

የሙስተፋ ሚስት ሳሌሃ መጣች። ለሰፈሩ ሰው ማመልከቻ የምጽፈው እኔ አይደለሁ? ሐኪሞቹ ሁለት ጣቱን ቆርጠውታል፤ የቀሩትም አይታጠፉም አለች። ከዚህ በኋላ መቀስ በምን ይይዛል? እያለቀሰች አልነበረም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

የሆነውን ጻፍኩ። ተከሳሽ የሚለው ጋ ስደርስ ማንን ልበል አልኳት።

“እኔ ምን አውቃለሁ ቲቸር፣ ጥፋተኛውን ጻፍልኝ።”

ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩ። ማንበብ አትችልም። እንዲያው ሰጥቻት ትሂድ አልኩ ለአንድ አፍታ… ከዚያ ከላይ እስከ ታች ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

ወረቀቱን ተቀብላ አጠፈችው። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች።

“ወደ አንተ ሂጂ ያለኝ ሙስተፋ ነው፤ ‘ጥፋተኛውን ቲቸር ያውቀዋል’ ብሎ” አለችና ወጣች።