ከግድግዳዎ ላይ የባለቤቴ እጅ ይውረድልኝ

ለተከበሩ የጅማት፣ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመም ፈዋሽ፣ የሾክዌቭ (የሞገድ ምት) ሕክምና ማዕከል ባለቤትና ዋና ሐኪም

ክቡርነትዎ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ነው? ትከሻዎ ደህና ነው? ጠዋት ኮትዎን ሲለብሱ ማንም ሳይደግፍዎ ክንድዎ እጅጌው ውስጥ ይገባልዎታል? ከሆነ እሰይ፣ ደስ ብሎኛል። ይህ ጤና ሳይጓደል እንዲያቆይዎ፣ በተለይም በገዛ ማዕከልዎ ከመታከም እንዲሰውርዎ ዘወትር ጸሎቴ ነው።

እኔ ማን መሰልኩዎ? በማዕከልዎ መግቢያ፣ ከመስታወቱ በር ጎን ቀኝ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ አፉን ከፍቶ፣ ከሥሩም «ዳንኩ!» ተብሎ ተጽፎበት በትልቁ የተለጠፈው ሰው ሚስት ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ ያ ፎቶ እንዲወርድልኝ ለመለመን ነው። በግል መለመን ጀምሬ ነበር፤ ዳሩ ግን ጸሐፊዎ «ዶክተር ሕክምና ላይ ናቸው» እያለች በመጣሁ ቁጥር ስትመልሰኝ፣ እርስዎም መጋረጃውን ገለጥ አድርገው መሄዴን ሲያረጋግጡ ስላየሁዎ፣ ሥራዎን ላለማስተጓጎል ብዬ ወደ ጋዜጣ ዞርኩ።

ባለቤቴ ግድግዳ ለሳኝ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ቀኝ እጁን ከራሱ በላይ አንስቶ ጣሪያና ግድግዳ ሲለስን የኖረ፣ የቤታችን ምሰሶ ያ አንድ ትከሻ የሆነ ሰው ነው። ያ ትከሻ ሲያመው ወደ እርስዎ ያመጣሁት እኔው ነኝ፤ ስለዚህ ምስጋናው ሁሉ ከእኔ እንዲደርስዎ ተገቢ ነው።

አንደኛ፦ ስላልነኩት አመሰግናለሁ። እርስዎ ከጠረጴዛዎ ሳይነሱ፣ ብዕርዎንም ሳያስቀምጡ «የቱ ጋ ነው?» አሉት፤ እሱም በግራ እጁ አሳየዎት፤ እርስዎም «ጅማት ነው፣ ወደ መሣሪያው ይግባ» ብለው ወደ ስልክዎ ተመለሱ። እስቲ እጅህን አንሳ እንኳ አላሉትም። ወይ ጉድ! በግ የሚገዛ ሰው እንኳ ሽንጡን ሳይዳብስ አይገዛም። መሣሪያውን እየሰደብኩ እንዳይመስልዎ፤ የሥራ ባልደረባዬ ተረከዟን ሌላ ቦታ በዚሁ ዓይነት የሚመታ ሞገድ ታክማ ዛሬ ደረጃውን ከእኔ ቀድማ ትወጣለች። የእሷ ሐኪም ግን በመጀመሪያ ተረከዟን በእጁ ዳብሶ፣ ምስል አስነስቶ፣ ጅማቱ አለመበጠሱን አይቶ ነው መሣሪያውን ያነሳው። እርስዎ ግን በዓይን ብቻ ጅማት የሚያዩ ሰው ስለሆኑ ይህ ድካም አላስፈለገዎትም።

ሁለተኛ፦ በማዕከልዎ ስላለው የጩኸት ሥርዓት አድናቆቴን ሳልገልጽ ባልፍ ውለታ በል እባላለሁ። ለማያውቁት አንባቢያን ላስረዳ። ረዳቶቹ የመሣሪያውን ጫፍ በሚያመው ቦታ ላይ ይጭኑና ጠ-ጠ-ጠ-ጠ ያደርጉታል። ታካሚው ሲጮህ «ደረሰ!» ብለው ያጨበጭባሉ፣ ኃይሉንም ይቀንሱለታል፤ ጩኸት ማለት ሞገዱ በሽታው ጋ ደረሰ ማለት ነውና። ያልጮኸ ግን ገና አልደረሰለትም ተብሎ ይጨመርለታል። እኛ ሰፈር «እትዬ ሳይነኳት» የምንላት ጎረቤቴ ጉልበቷን ልትታከም መጥታ፣ ገና ቅባቱ ሲቀባት ቀዘቀዘኝ ብላ ኡኡ ስትል ተጨብጭቦላት በዚያው ቀን ድና ተሰናብታለች። እንኳን ደስ ያላት፤ አሁንም እያነከሰች ነው።

ባለቤቴ ደግሞ የሚጮህ ሰው አይደለም። ስትወልደው እንኳ አላለቀሰም ብላ እናቱ ትምላለች። አንድ ጊዜ ሥራ ላይ ጣውላ እግሩ ላይ ሲወድቅበት ጣውላውን የጣለውን ሰው ይቅርታ የጠየቀ ገራገር ነው። እናም የሸሚዙን ኮሌታ ነክሶ ዝም አለ፤ እነሱም ጨመሩ፤ እሱም ዝም አለ፤ እነሱም ጨመሩ። ቤት ሲመጣ ኮሌታው ተበልቶ አገኘሁት። ኧረ ተናገር ብዬ ብለምነው፣ ብቆጣው፣ በመጨረሻ በሚቀጥለው ቀጠሮው ረዳትዎን «ልጄ፣ ክንዴ እየከዳኝ ነው» ብሏት ነበር፤ እሷም «አይዞዎት አባባ፣ አሮጌው ሕመም ሲወጣ ነው» አለችው። ክቡር ሆይ፣ እናቱ የሞተችበትም ወንዝ የወረደችበትም እኩል ያለቅሳል ሲባል ሰምተው አያውቁም? እንግዲህ የእኛ ጥፋት ይሆናላ፤ ባለቤቴን ወደ እርስዎ ከማምጣቴ በፊት ልቅሶ አላስተማርኩትም።

ሦስተኛው የፎቶው ነገር ነው። በመጨረሻው ቀን ለማስታወቂያ ፎቶ ላንሳዎት ተባለ፤ እጅዎን ያንሱ ተባለ፤ እጁ አልነሳም አለ። ያን ጊዜ አንዷ ረዳትዎ ከኋላው ጎንበስ ብላ ክርኑን ይዛ ሽቅብ አነሳችው። ቀረብ ብሎ ላየ ሰው ከክርኑ ሥር ሁለት ቀይ የተቀቡ ጥፍሮች ይታያሉ፤ ለሳኝ ደግሞ ጥፍር አይቀባም። ባለቤቴ በሕይወቱ የጮኸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔ ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ሰማሁት፤ ወዲያው ጭብጨባው ቀጠለ። ሰው ሁሉ በር ላይ ቆሞ «እንዴት ደስ ብሎታል!» የሚለው ያ የተከፈተ አፍ ሳቅ አይደለም፣ ጩኸት ነው።

በማግስቱ የወሰድኩት ሆስፒታል ያለች ሐኪም ትከሻውን በእጇ ይዛ፣ አንሳው ብላ፣ አልነሳ ሲላት ምስል አዘዘች። ጅማቱ ተበጥሷል። ሲጀመርም ሳይቀደድ አልቀረም፤ ማረፍና የቀዶ ሕክምና ሐኪም ማየት እንጂ መደብደብ አልነበረበትም አለችን። በቀዶ ሕክምና ይሰፋል፤ ከእንግዲህ ግን ከራሱ በላይ አንስቶ ይለስን እንደሆነ ማንም ቃል አልገባልንም። ይህን በጸሐፊዎ በኩል ብልክልዎ «የሥራው ጠባይ ነው» የሚል መልስ ደረሰኝ። አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ!

ይህም ሆኖ ዝም እንበል ብለን ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ታናሽ ወንድሙ፣ ድንጋይ ጠራቢው፣ ወገቡን አሞት ከሩቅ መጣ፤ ወደ ቤታችን ሳይደርስ በእርስዎ በር ሲያልፍ ወንድሙን ግድግዳ ላይ እጁን ዘርግቶ አየው። በደስታ አልቅሶ ወዲያው ተመዘገበ። ቤት ሲገባ ወንድሙ በግራው ሲጎርስ አገኘው። ባለቤቴ ለራሱ ምንም ብሎኝ የማያውቅ ሰው ያን ማታ «ፎቶዬን አስወርጂልኝ፤ በእኔ ፊት ሰው አይታለል» አለኝ። ከእርስዎ የምጠይቀው ይህን ብቻ ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል፤ እርስዎ ንቀውናል፣ አውቀነዋል፣ እኔም አልተበለጥኩም፤ እጅግ አድርጌ ንቄዎታለሁ።

ትዕግሥትዎ እንደ ወንበርዎ የሰፋ፣ እጅዎ ከሕመምተኛ ገላ እንደራቀ እንዲኖር እየተመኘሁ፣ ከወገብ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የለሳኙ ሚስት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፎቶው እስኪወርድ ድረስ ባለቤቴን በየጠዋቱ በበርዎ ላይ፣ ከፎቶው ሥር፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያገኙታል። ለማንም አንዳች አይናገርም፤ ሰላም ለሚለው ግን ሰላም ይላል። እርስዎም ሲገቡ እጅዎን ቢዘረጉለትና ግራውን ቢሰጥዎ እንደ ድፍረት አይቁጠሩበት፤ ቀኙ እርስዎ ዘንድ ነው፣ ግድግዳው ላይ።